የአባቴን ታጣፊ ስልክ ቤት ውስጥ ፈትቼ ጠገንኩት፦ ራዘር ቪ3፣ መፍቻው፣ ፍሌክሱና ባትሪው

ውጤቱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ስልኳ ሠርታለች። ትናንት ማታ ታላቅ እህቴ ከጂዳ ደውላ ከአባዬ ጋር ግማሽ ሰዓት ያህል አወሩ። ሲጨርሱ አባዬ ክዳኗን በአውራ ጣቱ ገፋ አደረጋትና ጠቅ ብላ ተዘጋች። ያቺን ጠቅታ ቤታችን ውስጥ ከሰማን ዓመታት አልፈው ነበር። እማዬ ድምጿን ሰምታ «ምላጯ ናት እንዴ?» እያለች ከጓዳ ወጣች።

ምላጯ የምንላት ሞቶሮላ ራዘር ቪ3ን ነው። ይህን የምጽፈው ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ በየቤቱ የኮመዲኖ መሳቢያ ውስጥ እንደዚህ ያለ ታጣፊ ስልክ እንደተኛ ስለማውቅ ነው። ሞቷል ተብሎ የተቀመጠ፣ ግን ለመጣል ያልተጨከነበት። ብዙ ጊዜ ደግሞ ስልኩ ደህና ነው፤ አንዲት ቀጭን ሪባን ናት የተቆረጠችበት። ስለዚህ ስልኳን፣ የገዛሁትን መፍቻ፣ መለዋወጫውንና ባትሪውን እንደሞከርኳቸው እነግራችኋለሁ። ያወጣሁትንም ብር አልደብቅም።

ራዘር ቪ3 የወጣችው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ስልክ ማለት ኪስ የሚያሳብጥ ነገር ነበር። እሷ ግን ተዘግታ ውፍረቷ 13.9 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቷ 95 ግራም ነው። ገላዋ አሉሚኒየም ነው። የቁጥር ሰሌዳዋ ነጠላ ነጠላ ቁልፍ አይደለም፤ ከአንድ ስስ ብረት ተቆርጦ የወጣ ነው፣ ሲበራ በመስመሮቹ መካከል ሰማያዊ ብርሃን ይወጣል። ከነእህቶቿ ከ130 ሚሊዮን በላይ ተሸጣለች፤ ስለዚህ ዕቃዋ ዛሬም ከሆነ ቦታ አይጠፋም።

የእኛዋ የመጣችው በ1999 ዓ.ም. ነው። እህቴ ጂዳ በገባች በሁለተኛ ዓመቷ ለሚመጣ ሰው ሰጥታ ላከቻት፣ በሻሽ ተጠቅልላ፣ ከሽቶና ከቴምር ጋር። የወሎ ልጅ የሆነ ሁሉ ይህን የዕቃ አመጣጥ ያውቀዋል። አባዬ ያኔ ሸዋ በር አካባቢ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ስልኳን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣትና ስትጮህ ደንበኛው ሁሉ ዞር ብሎ ያያታል።

አሁን ግን እሷን የሚፈልጋት ለማማሯ አይደለም። አባዬ ጣቶቹ ወፋፍራም ናቸው፤ ዕድሜውን ሙሉ ጣቃ ሲፈታና ሲጠቀልል የኖረ ሰው ነው። ስክሪኑ በጣት የሚነካ ስልክ ገዝተንለት ነበር። ሊያነሳ ሲል ይዘጋበታል፣ ሊዘጋ ሲል ሌላ ሰው ጋ ይደውልበታል። አንድ ሌሊት ትራስ ስር ሆኖ ለአክስቴ ሦስት ጊዜ ደውሎባት፣ የሆነ ነገር ደርሷል ብላ ሳይነጋ ከሆጤ በእግሯ መጣች። ከዚያ ወዲህ አባዬ ያንን ስልክ መያዝ አልወደደም። «የሚታጠፈው ነው የሚሻለኝ። ስከፍተው ሃሎ፣ ስዘጋው አበቃ» ይላል። እኔም ትክክል ነው እላለሁ። ለአንድ ትልቅ ሰው፣ ስልኩ መዘጋቱን በእጁ የሚያውቅበት መንገድ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ሕመሟ የጀመረው በስክሪኗ ነው። ሙሉ በሙሉ ስትከፈት ነጭ ይሆናል፣ ትንሽ መለስ ሲያደርጓት ይመለሳል። አባዬ ለወራት እንደ ጫጩት አፍ ግማሽ ከፍቶ ያወራባት ነበር። ቀጥሎ የጆሮ ድምጹ ጠፋ። የውጭዋ ትንሿ ስክሪንም አንዴ ትበራለች፣ አንዴ ትጨልማለች። በመጨረሻ ተስፋ ቆረጥንና መሳቢያ ገባች። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ከደሴ ስንወጣ እማዬ ከወርቋ ጋር በመሐረብ ቋጥራ ይዛት ወጣች፣ የማትሠራ ስልክ። ስንመለስ አብራን ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ አንድ ጥገና ቤት ወስጃት ነበር። የት እንደሆነ አልናገርም። ሦስት ቀን አቆዩዋትና «እህቴ፣ የዚህ ዕቃ አሁን የለም፤ ጣያትና አዲስ ግዢ» አሉኝ። የመፈተሻ ብለው 200 ብር ተቀበሉ። ዕቃው የለም መባሉ ያለ ነገር ነው፣ አልከፋኝም። ቤት ገብቼ ሳያት ግን አንድ ብሎን የላትም፣ ሌላው ደግሞ በማይሆን ካቻቢቴ ተሞክሮ ጥርሱ ተበልቷል። ይሄ አናደደኝ። መጠገን ካልቻልክ እንደተቀበልከው መልስ። የሰው ዕቃ ነው። ራሴ እፈታታለሁ ያልኩት ያን ቀን ነው።

ከመፍታቴ በፊት ግን ሁለት ሳምንት ስለ ሕመሟ ሳነብና ቪዲዮ ሳይ ከረምኩ፤ እሱን ባጭሩ ላስረዳችሁ፣ ካልገባችሁ የማይሆን ዕቃ ትገዛላችሁ። ታጣፊ ስልክ ሁለት ክፍል ያለው ቤት በሉት። የራዘር ታችኛው ክፍል ባትሪውን፣ ሲሙን፣ ማይኩንና አንቴናውን ይዟል፤ አንቴናው ያለው ታች አገጯ ላይ ወፈር ባለው ቦታ ነው። ክዳኑ ደግሞ ሁለቱን ስክሪኖች፣ ካሜራውንና የጆሮ ስፒከሩን ይዟል። ሁለቱን የሚያገናኘው በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፍ እንደ ወረቀት የሳሳ ሪባን ነው፣ ፍሌክስ ይሉታል። ውስጡ የመዳብ መስመሮች ተደርድረዋል። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ይታጠፋል። በቀን 30 ጊዜ ብትሉ እንኳ በዓመት ከ10 ሺህ በላይ ነው። መዳቡ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ክዳኑ በሆነ አቅጣጫ ሲሆን ይገጥማል፣ ሲለጠጥ ይለያያል። ስክሪኑ ግማሽ ሲከፈት ሠርቶ ሙሉ ሲከፈት የሚጠፋው ለዚህ ነው። የእናንተም ስልክ እንዲህ ካደረገች ስክሪን አትግዙ፤ ፍሌክስ ግዙ።

ወደ መፍቻው ልምጣ። ፒያሳ ካለ አንድ ትንሽ የሞባይል ዕቃ ሱቅ በ480 ብር ነው የገዛሁት። ሱቁን ወድጄዋለሁ። ልጁ ዝም ብሎ አልሸጠልኝም፤ «ለምን ስልክ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስነግረው ሳጥኑን ከፍቶ ቲ5 እና ቲ6 የሚሉትን ጫፎች ፈልጎ አሳየኝ። የራዘር ብሎን የተለመደው ባለ መስቀሉ አይደለም። ባለ ስድስት ጥርስ ኮከብ ነው፣ ቶርክስ የሚባለው። በሌላ ካቻቢቴ ከታገላችሁት ጥርሱን ትጨርሱታላችሁ፣ የእኔም የተበላው እንደዚያ ነው። ሳጥኑ ውስጥ መያዣው፣ 20 ያህል ጫፎች፣ አንድ ወረንጦና ሁለት የፕላስቲክ መፈልቀቂያ አሉ። መያዣው ጥሩ ነው፤ ጭራው ላይ የሚሽከረከር ቆብ ስላለው በመዳፍ ተጭኖ በጣት ማዞር ይቻላል። ወረንጦው ጫፉ ሹል ነው፣ በጣም ጠቅሞኛል። ማግኔቱ ደካማ ነው፣ ብሎን ያነሳና መሐል መንገድ ላይ ይጥላል። የቲ5ቱ ብረት ለስላሳ ነው። አራት አምስት ብሎን ከፈታሁበት በኋላ ጠርዙ መለስለስ ጀመረ፤ ለአንድ ስልክ በቅቶኛል፣ በሥራ ለሚጠቀምበት ሰው ግን አይሆንም። ፕላስቲኮቹ አይረቡም፣ ገና ሲነኩ ይታጠፋሉ፤ በምትካቸው ጊዜው ያለፈበት ኤቲኤም ካርድ ተጠቀምኩ። በድምሩ ከ10 ውስጥ 7 እሰጠዋለሁ። ለልጁ ግን 10።

ሥራውን የጀመርኩት እሑድ ከሰዓት ነው፣ በመስኮቱ ብርሃን። ጠረጴዛው ላይ ነጭ አንሶላ አነጠፍኩ፣ የወደቀ ብሎን በነጭ ላይ ስለሚታይ። ከእማዬ ረከቦት ላይ ስድስት ሲኒ ተበደርኩና በየደረጃው የወጣውን ብሎን በየሲኒው አስቀመጥኩ። ይህን አትናቁት። ብሎኖች ሁሉ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ እንጂ ቁመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ አስገብታችሁ ካጠበቃችሁ ከስር ያለውን ነገር ይወጋል። ከእያንዳንዱ ደረጃ በፊትም በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ስትገጥሙ አስታውሰዋለሁ ያላችሁትን አታስታውሱትም።

መጀመሪያ ባትሪውና ሲሙ ይወጣሉ። ከዚያ የአገጩ ሽፋን ነው፣ የሚይዘው በፕላስቲክ ጥርስ ነው። እዚህ ላይ መቸኮል የለም። ካርዱን አስገብቼ ጥግ ጥጉን ትንሽ ትንሽ ሳላላው በመጨረሻ ራሱ ለቀቀ። ቀጥሎ ብሎኖቹ። ደህናዎቹ በቀላሉ ወጡ። ጥርሱ የተበላው ግን ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ካቻቢቴው ገብቶ ባዶውን ይዞራል። የብር ማሰሪያ ላስቲክ ቆርጬ ብሎኑ ራስ ላይ አነጠፍኩና ካቻቢቴውን በላዩ ላይ ተጭኜ ቀስ ብዬ አዞርኩ። ላስቲኩ የተበላውን ቦታ ይሞላዋል። በሦስተኛው ሙከራ ብሎኑ ትንሽ ሲጮህ ሰማሁ፣ ዞረ። እማዬ «ምነው?» እስክትል ድረስ ጮኬያለሁ።

የቁጥር ሰሌዳው ሲነሳ ውስጧ ታየኝ። እውነቴን ነው፣ ልቤ ነው የተነካው። እንደዚህ በሥርዓት የተሠራ ነገር ነው። ማስቲሽ የለም ማለት ይቻላል፤ አብዛኛው ነገር በብሎንና በተሰኪ ነው የተያዘው። አሁን እጃችን ላይ ያሉት አብዛኞቹ ስልኮች ጀርባቸው በማስቲሽ የተለጠፈ ነው፣ ሳታሞቁ አትከፍቷቸውም፣ ስትከፍቱም መስታወቱ የመሰንጠቅ አደጋ አለው። ይቺን የሠሩ ሰዎች አንድ ቀን አንድ ሰው እንደሚፈታት አስበው ነው የሠሯት።

ሲሙ አካባቢ አረንጓዴ ዝገት አገኘሁ። አይገርምም። ክረምት ከጦሳ የሚወርደው ጉም የማይገባበት ቤት ደሴ ላይ የለም፤ ስልኳ ደግሞ ያንን ሁሉ ክረምት በመሳቢያ ነው ያሳለፈችው። ከፋርማሲ የገዛሁትን አልኮል በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እየነከርኩ አጠብኩት። የእኔው 70 በመቶ ነው፣ ቀሪው ውሃ ስለሆነ አንድ ሌሊት ሙሉ እስኪደርቅ አቆየሁት። 90 በመቶና ከዚያ በላይ ካገኛችሁ እሱ ይሻላል፣ ቶሎ ይተናል። ዝገቱ ሲለቅ ከስሩ ቢጫዋ ንክኪ እንደ አዲስ ብቅ አለች።

ከሁሉም የፈራሁት ማጠፊያውን ነበር። ውስጡ ስፕሪንግ ያለው ነገር አለ፤ ክዳኑን ገፋ ስታደርጉት ቀሪውን በራሱ የሚጨርሰው፣ ያቺ ጠቅታም የምትመጣው ከእሱ ነው። ድንገት ካመለጠ ይስፈነጠራል። እጄንም ስልኳንም በጨርቅ ሸፍኜ ነው ያላቀቅኩት። ከዚያ ሪባኑ ወጣ። በወረንጦ ይዤ አምፖሉ ፊት አቀረብኩት። ከሩቅ ምንም የለውም። ቀረብ ብዬ ሳየው፣ ልክ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ ከመዳብ መስመሮቹ ሦስቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር ስንጥቅ አለች። ቀና ሳደርገው ትከፈታለች፣ ሳጥፈው ትዘጋለች። አባዬን ጠርቼ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ብዙ ደቂቃ አያትና «ይቺው ናት?» አለኝ። ይቺው ናት።

ፍሌክሱን ደሴ አጣሁት፤ ሦስት ሱቅ ጠይቄያለሁ፣ ኮምቦልቻም አንድ ሰው አስጠይቄያለሁ። አዲስ አበባ ያለ የአክስቴ ልጅ መርካቶ ዞሮ አገኘልኝ። ሁለት እንዲገዛ ነግሬው ነበር፣ ደግ አደረግኩ። ሁለቱ 1,100 ብር፣ በአውቶብስ መላኪያው 150። አንደኛው ሲመጣ ገና ከፕላስቲኩ ሳወጣው ጥጉ ላይ የመታጠፍ ምልክት ነበረው፤ ብገጥመው የውጭዋ ስክሪን አልበራ አለች። ሁለተኛው ደህና ነው። ስለ ዕቃው ያለኝ አስተያየት ይሄ ነው፦ ከኦሪጅናሉ ጋር ሲተያይ ትንሽ ወፈር ይላል፣ መስመሮቹም እንደ ፋብሪካው ጥርት ያሉ አይደሉም፤ ግን ይሠራል። ቁርጥ ሐሳባችሁ መጠገን ከሆነ አንድ አትግዙ፣ ሁለት ግዙ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ አንዱ ቢበላሽ እንደገና ሳምንት መጠበቅ ነው።

ማስገባቱ ከማውጣቱ ይከብዳል። ሪባኑን ቀስ አድርጎ ጠቅልሎ በማጠፊያው ቀዳዳ ማሳለፍ፣ ከዚያ ወዲያ ማዶ ሲወጣ ሳይጣመም መፍታት ነው ሥራው። በኃይል ከተጎተተ አዲሱም ያው ይሰነጠቃል። እኔ አራት ጊዜ ሞክሬ ነው ያለፈልኝ፣ የመጨረሻው ላይ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ብየዳ አላስፈለገኝም፤ ጫፉ ላይ ያለችዋ ትንሽ ተሰኪ በጣት ስትጫን ቦታዋን ይዛ ትገባለች። ገጥሜ ሳበራት ስክሪኑ መጣ፣ ድምጽ ግን የለም። ያን ማታ ተውኩት፤ ሲደክም ሰው እጁ ይቸኩላል። በማግስቱ ከፍቼ ሳይ ተሰኪዋ በአንድ ወገን ከፍ ብላለች። በጥፍሬ ጀርባ ስጫናት ቲክ አለች። ከዚያ ድምጹ መጣ። ተሰኪ ሲገባ ቲክ የምትል ነገር በጣታችሁ ካልተሰማችሁ አልገባም ማለት ነው፤ ክዳኑን ሳትገጥሙ በፊት አብርታችሁ ሞክሩ።

ባትሪው ሌላ ታሪክ ነው። የራዘር ባትሪ ቢአር50 ይባላል፣ 3.7 ቮልት ነው። የድሮውን በጎረቤት ቴስተር ስለካው 1.9 ቮልት ብቻ ነው ያሳየው። እዚያ ድረስ የወረደን የሊቲየም ባትሪ ላስነሳው ብሎ መታገል አያስፈልግም፣ አደጋም አለው። ደግሞ አብጦ ነበር። እብጠትን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ባትሪውን ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ በጣታችሁ ግፉት፤ እንደ እንዝርት ከዞረ ሆዱ ወጥቷል። ደህናው ተጎትቶ ይቆማል። ያበጠ ባትሪ አይወጋም፣ አይጨመቅም፣ እሳት አጠገብም አይቀመጥም።

አዲስ ነው ተብሎ በ350 ብር የገዛሁት የመጀመሪያው ባትሪ ጽሑፉ ያምራል፣ ከኦሪጅናሉ የበለጠ አቅም አለኝ ይላል። ከኦሪጅናሉ ግን ይቀላል፣ እጅ ላይ ይታወቃል። ሞልቼው ከሱብሒ በኋላ ለአባዬ ሰጠሁት፤ ዙሁር ሳይደርስ ጠፋ። ስመልሰው የሸጠልኝ ሰው «ስልኩ ነው የሚበላው» አለኝ፤ ብሬንም አልመለሰም። ሁለተኛውን በ700 ብር ያው ካቻቢቴ ከሸጠልኝ ልጅ ጋ አገኘሁት። «አብሽሪ፣ እዚሁ እንለካዋለን» ብሎ ፊቴ ሞላው፣ ፊቴ ለካው፣ 4.2 ቮልት ላይ ቆመ። አሁን አባዬ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ እየተነጋገረባት ሁለት ቀን ትቆያለች። ባትሪ ስትገዙ ሳትለኩ አትውጡ። ሌላው ደግሞ ብርድ ነው። አባዬ ሌሊት መስኮት ላይ ያስቀምጣት ነበር፣ ጠዋት ባትሪዋ ወርዶ ይጠብቀዋል። የሊቲየም ባትሪ በብርድ ይደክማል፣ የደሴ ሌሊት ደግሞ ይታወቃል። አሁን የምትተኛው ቁምሳጥን ውስጥ ነው፣ ችግሩም ቀርቷል።

ቻርጀሩም እንዲሁ አስቸግሮኛል። መሰኪያዋ ሚኒ ዩኤስቢ ነው፣ አሁን ካለው ማይክሮና ታይፕ ሲ ወፈር ያለ። ገመድ አገኘሁና ስሰካው ስክሪኑ ላይ ያልተፈቀደ ቻርጀር ነው የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አወጣች፣ ሙላትም የለም። ስልኳ ራሷ ቻርጀሩን ትለያለች፤ ሚኒ ዩኤስቢ የሆነ ሁሉ አይሞላትም። ደግነቱ እማዬ ምንም ነገር አትጥልም። የመጣችበትን የግድግዳ ቻርጀር ከቆጥ አውርዳ ሰጠችኝ፣ ሠራ። እናንተም ስልኩን ከመጠገናችሁ በፊት ቻርጀሩን ፈልጉ።

እንግዲህ እንደ ስልክ ዛሬ ደሴ ላይ ምን ትመስላለች? ለመነጋገር በጣም ጥሩ ናት። የጆሮ ድምጿ ወፍራምና ጥርት ያለ ነው፤ አባዬ ጆሮው ትንሽ ስለከበደ ይሄ ለእሱ ትልቅ ነገር ነው። የምትሠራው በ2ጂ ብቻ ነው። ይዣት ኮምቦልቻ ወረድኩ፣ ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ሁለት ጊዜ ተቋረጠብኝ፣ ሌላው ቦታ ደህና ነበረች። ሲሙ ትልቁ ዓይነት ነው የሚገባው፣ የአሁኑ ትንሹ ሲም ካላችሁ የ40 ብር አስማሚ ያስፈልጋችኋል። በ*804# ሒሳብ ታያላችሁ፣ በ*805* ካርድ ትሞላላችሁ፣ በ*127# ቴሌብር ይሠራል። አባዬ ለዱቄት ቤቱ የከፈለው በእሷ ነው።

የማትችለውንም ልንገራችሁ። ፊደላችንን አታነብም፤ በአማርኛ የመጣ መልእክት በሙሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነው የሚታየው። ይሄ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ከቴሌም ከባንክም ለአባዬ የሚመጣለትን እኛ ካላነበብንለት አያውቀውም። ኤፍኤም ሬዲዮ የላትም። የእጅ ባትሪ መብራት የላትም፤ መብራት በሚጠፋበት ማታ ርካሹ ባለ ቁልፍ ስልክ ይበልጣታል። ሚሞሪ ካርድ አይገባባትም። ካሜራዋ አለ ለማለት ያህል ነው፤ ፊት ይታያል፣ ማን እንደሆነ ግን መጠየቅ ሊኖርባችሁ ይችላል።

ወጪውን ስደምረው፦ መፍቻ 480፣ ሁለት ፍሌክስ 1,100፣ መላኪያ 150፣ የማይረባው ባትሪ 350፣ ደህናው 700፣ የሲም አስማሚ 40፣ አልኮል 90። ሁሉም 2,910 ብር። ለጥገና ቤቱ የሰጠሁትን 200 አልደመርኩትም። ከዚህ ባነሰ አዲስ ባለ ቁልፍ ስልክ ከነዋስትናው ይገኛል፣ እሱን አልክድም። ስልክ ብቻ ከፈለጋችሁ እሱን ግዙ። የተወደደ ሰው ስልክ ከሆነ፣ ወይም ቤታችሁ ያለ ትልቅ ሰው መታጠፉን የለመደ ከሆነ ግን በደንብ ያዋጣል። መፍቻው ደግሞ ቀርቶልኛል፤ የጎረቤታችንን ልጅ ስልክ ከፍቼ የቻርጀር መሰኪያውን አቧራ አጽድቼበታለሁ።

ከገበያ ራዘር ልግዛ ለምትሉ አንድ ነገር ብቻ። አስመስለው የሠሩትም፣ ገላው ብቻ ተቀይሮ አዲስ ነው የሚባለውም አለ። *#06# ደውሉና የሚወጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር ከባትሪው ስር ከተለጠፈው ጋር አስተያዩ። ካልገጠመ ተዉት። ክዳኑንም ቢያንስ አስር ጊዜ ክፈቱ ዝጉ፣ እየደወላችሁ፤ ፍሌክሱ የታመመ ከሆነ እዚያው ያሳያችኋል።

የእኛዋ አሁን የቀራት አንድ ብሎን ነው፣ ያ ጥገና ቤት ያስቀረው። ከማጠፊያው አጠገብ ያለው ነው፤ ክዳኑ እዚያ ጋ በጥፍር ስትነኩት ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ አቧራ ይገባበታል ብዬ እፈራለሁ። ለጊዜው በስስ ፕላስተር ይዤዋለሁ። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የሞተች ራዘር ቪ3 ያለው ሰው ካለ፣ ስክሪኗ የተሰበረም ቢሆን፣ ለብሎኖቿ ስል እገዛታለሁ።